የልጅ እጅ የግፊት መለኪያ አይደለም

ደባርቅና ዳባት ላይ ጋራዥ የከፈታችሁ፣ በፖምፓ ቤት የምትሠሩ፣ ገልባጭና አይሱዙ የምታሰማሩ፣ ሊማሊሞን የምትወጡና የምትወርዱ፣ የውኃ ቧንቧ ዘርግታችሁ በግፊት የምትፈትኑ ሁሉ፥ ይህን ቃል አድምጡ። የተጻፈው ሊያስደስታችሁ ሳይሆን ሊመልሳችሁ ነው። በመካከላችን የተለመደ፣ ከመለመዱም የተነሣ ኃጢአትነቱ የተረሳ ሥራ አለ። ሳንናዘዘው ብዙ ቆይተናልና ዛሬ በስሙ ይጠራ።

በግፊት የሚሠራ ዕቃ ጤነኛ መሆኑን ስንጠራጠር የምንፈትነው በሰው ነው። ክሪኩ መኪናውን ይችል እንደሆነ የምናውቀው ልጁ ከሥር ገብቶ ሲወጣ ነው። ቱቦው ያንጠባጥብ እንደሆነ «እስቲ በእጅህ ዳስሰው» እንላለን። የገልባጩ ሳጥን ተነሥቶ መቆም አለመቆሙን የሚመሰክርልን ከሥሩ ግራሶ የሚቀባው ረዳት ነው። ጌጁ ከተሰበረ ዘመን ቢያልፈውም «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» እያልን ግፊት እንጨምራለን። እንዲህ ያለው ሙከራ የሚፈትነው ብረቱን አይደለም፤ የድሃን ልጅ ነው። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከአዲ አርቃይ እርሻ አልበቃው ብሎ ሙያ ሊማር የመጣውን፣ እናቱ «አደራ» ብላ የሰጠችንን ልጅ የግፊት መለኪያ አድርገነዋል።

አደጋ ሲደርስ የምንናገረውም ቃል ከሥራችን የባሰ ነው። «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። «እግዜር ያለው አይቀርም» ብለን ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለቅሶ እንቀመጣለን። በማግስቱም ያንኑ ክሪክ አንሥተን ሌላ ልጅ ከሥር እናስገባለን። እኛ ያጎደልነውን ሥራ በእግዚአብሔር ላይ መለጠፍ ኃጢአትን ማብዛት ነው። ጎሚኒው ያረጀውን ክሪክ ከገበያ የገዛነው እኛ ነን። ታኮ ያላስገባነው እኛ ነን። የሚያንጠባጥበውን ቱቦ በሽቦ ያሰርነው እኛ ነን። ለዚህ ሁሉ ፈጣሪን ኃላፊ ማድረግ በሐሰት መክሰስ ነው፤ በሐሰት መክሰስም ከዐሥርቱ ትእዛዛት በአንዱ የተከለከለ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ተነግሯል። ጌታ የሞቱት ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ አይደለም ብሎ፣ ንስሐ እንዲገቡ ያስጠነቀቀው በሕይወት ቆመው የሚሰሙትን ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን በሟቹ ቀን ላይ ስንከራከር የቆመው ሰው ንስሐ ተረሳ። ኦሪት ዘዳግም 22 ቁጥር 8ን ደግሞ አንብቡ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ባያደርግ ግን የወደቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ይሆናል። ዘፀአት 21ም ጉድጓድ ቆፍሮ ያልከደነ ሰው የገባበትን ከብት ዋጋ እንዲከፍል፣ ወይፈኑ ተዋጊ እንደሆነ ተነግሮት ያላሰረ ባለቤትም ወይፈኑ ሰው ቢገድል በራሱ ነፍስ እንዲጠየቅ ይደነግጋል። መጽሐፉ «የወደቀው ሰው ቀኑ ነበር» አላለም፤ ባለቤቱን ፈልጎ ያዘ። ሙስሊሙም ወንድማችን ግመልን አስሮ በአላህ መመካት እንጂ ሳያስሩ መመካት እንዳልተፈቀደ ያውቃል። በመኪናው መስታወት ላይ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ለጥፎ ፍሬኑን ሳያይ የሚነዳ ሰው መልአኩን እየተፈታተነ ነው።

«አላወቅሁም» የሚል እንዳይኖር ነገሩን ልንገራችሁ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ቦታ ሲጫኑት ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዳረሳል። ይህን ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስረድቶታል፤ እንግሊዛዊው ብራማ ደግሞ በ1795 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ አስመዝግቧል። የእናንተ ክሪክ፣ የገልባጩ ጃክ፣ የሎደሩ ክንድ፣ የፍሬኑ መስመር ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። በሥራ ላይ ባለ የሃይድሮሊክ መስመር ውስጥ 200 ባር ግፊት የተለመደ ነው፤ በትልልቅ ኤክስካቫተሮች ከ300 ባር ያልፋል። 200 ባር ማለት በትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ ሁለት ኩንታል እህል መጫን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ጣት በማይሞላ ቱቦ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል። ሞተሩ ቢጠፋም የተነሣ ጭነት ካለ ግፊቱ እዚያው ነው። ብረቱ ዝም ስላለ የሞተ አይምሰላችሁ።

የፖምፓ ቤት ሰዎች ሆይ፥ ኖዝል መፈተሻችሁን ተመልከቱ። የእጅ ዘንግ፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያ፣ ጌጅና ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዘንጉን ስትጫኑት ግን ናፍጣው ከ100 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ከኖዝሉ አፍ ይወጣል፤ በአዲሶቹ የኮመን ሬይል ሞተሮች መስመር ደግሞ ከ1,000 ባር ያልፋል። ቆዳን ለመብሳት 7 ባር ገደማ ግፊት ያለው ቀጭን ፍንጣቂ ይበቃል፤ ይህም የከባድ መኪና ጎማ ከሚነፋበት ግፊት አይበልጥም። ታዲያ ልጁን «ብናኙ ደህና መሆኑን መዳፍህን ዘርግተህ እይ» ያለው ማን ነው? ብናኙ በብርጭቆ ወይም በማሰሮ ውስጥ ይታያል፤ ጥራቱ በዓይን እንጂ በመዳፍ አይለካም። ደግሞም በብናኝ የተሞላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲጋራ ማጨስና ምድጃ ማንደድ እሳት መጥራት ነው። መነጽር ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ እጅን ከኖዝሉ ፊት ማራቅ ከአንድ ኖዝል ማሠሪያ ዋጋ በታች የሚያስወጣ ነገር ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ስለ ነፈግነው ፍርዱ ይከብድብናል።

የክሪክ ባለቤቶች ሆይ፥ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በውስጡ ያለው ጎሚኒ በአንዲት ቅጽበት ቢበላሽ መኪናው ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለ ሰው ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ መኪናው ከተነሣ በኋላ በብረት እግር ወይም በወፍራም ግንድ ይደገፍ፤ ያልተነሡት ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይግባላቸው። በክረምቱ የደባርቅ ጭቃ ላይ ክሪክ ሲያርፍ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍ። ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅና ወደ ቧሂት በሚወስደው ዳገት ላይ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ረዳቱን ከሥር ከማስገባቱ በፊት መኪናውን ወደ ደልዳላ ስፍራ ያድርስ። በክሪኩ አካል ላይ የተጻፈው ቶን ወሰን ነው፤ 10 ቶን የሚለውን 20 ቶን ማሸከም ጀግንነት አይባልም። ዘይት የሚያንጠባጥብን ክሪክ በየቀኑ ዘይት እየሞሉ መጠቀም ደግሞ አውቆ መግደል ነው።

የገልባጭ ባለንብረቶች ሆይ፥ በተነሣ ሳጥን ሥር ሰው አይገባም። መግባት ግድ ከሆነ ሳጥኑ ባዶ ይሁን፣ በራሱ የብረት ድጋፍ ይቁም፣ ቁልፉም ከመኪናው ወጥቶ ከሥር በሚገባው ሰው ኪስ ይቀመጥ። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራው በከንቱ አይደለም፤ ስሙን ያወጣለት ለቅሶ ነው። እናንተ ሌላ ስም እንዳትጨምሩበት። ስለ ቱቦም ስሙ። በዓለም ደረጃ የሚሠራ የሃይድሮሊክ ቱቦ እስከ ሥራ ግፊቱ አራት እጥፍ ሳይፈነዳ እንዲችል ሆኖ ይወጣል፤ ሲፈተንም በሁለት እጥፉ ነው። ያ ትርፍ የተሰጠው ነፍስ እንድትተርፍበት ነው። እናንተ ግን ጎማው ተልጦ ሽቦው የታየበትን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ታሠራላችሁ፤ ማስተንፈሻውን ቫልቭ «ጉልበት ይጨምርልኛል» ብላችሁ አጥብቃችሁ ትዘጋላችሁ። ማስተንፈሻ መዝጋት ለነፍስ የተተወችውን በር መዝጋት ነው።

ቧንቧ የምትፈትኑ ተቋራጮች ሆይ፥ እናንተም ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም። የተዘረጋ መስመር ብዙውን ጊዜ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ግፊት ይፈተናል። መፈተኛው ውኃ እንጂ አየር አይሁን። ውኃ በ100 ባር ግፊት መጠኑ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቧንቧው ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። አየር ግን ታምቆ ጉልበት ያከማቻል፤ ሲፈነዳም ብረት ወርውሮ ሰው ይጥላል። ውኃ ስትሞሉ በመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ከፍታችሁ አየሩን ጨርሳችሁ አውጡ። ግፊቱን በደረጃ ጨምሩ፤ በየደረጃው ቆም ብላችሁ ጠብቁ። በመድፈኛው ክዳን ፊት ለፊት ማንም አይቁም። ግፊት ባለበት ብሎን አታጥብቁ፤ መጀመሪያ አስተንፍሱ፣ ጌጁ ዜሮ ላይ ሲያርፍ እጃችሁን አግቡ። ፍንጣቂ የምትፈልጉ ከሆነ ረዘም ያለ ካርቶን በመገጣጠሚያው ላይ አሳልፉ እንጂ ጣታችሁን አታሳልፉ። ሊያይ የመጣው የሰፈር ልጅና መንገደኛውም ከቦዩ ይራቅ፤ ገመድ መሳብና አንድ ሰው ማቆም ወጪ አይደለም።

የሊማሊሞ ሹፌሮች ሆይ፥ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደሉን ጠርቦ ያወጣው ያ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ወደ ዛሪማ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያወርዳል። በየመታጠፊያው ፍሬን የምትረግጡት ፈሳሽ እየገፋችሁ ነው፤ የትልልቆቹ ፍሬን በአየር ቢሠራም የፒካፑ፣ የሚኒባሱና የብዙ አይሱዙ ፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ብለን የምናለቅሰው አብዛኛው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ፣ በከባድ ማርሽ መያዝ ሲገባ ፍሬን ላይ መቆም፣ የፍሬን ዘይት ሲጎድል በሞተር ዘይት መሙላት፣ ዘይቱን ለዓመታት አለመቀየር፤ እነዚህ ስህተት አይባሉም፣ በደል ናቸው። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ይህን አያውቁም፤ ከፍለው ነፍሳቸውን አደራ ሰጥተዋችኋል።

አሁን ስለ አንዲት ቁስል ልናገር፤ ብዙ እጅ የተቆረጠው በእርሷ ነውና። በግፊት የወጣ ዘይት ወይም ናፍጣ ጣት ሲበሳ የሚታየው ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ብዙም አያምም፤ ልጁም «ደህና ነኝ» ይላል፤ አለቃውም «በል ሥራህን ቀጥል» ይለዋል። ፈሳሹ ግን በውስጥ በጅማቶቹ ሽፋን እየሄደ ሥጋውን ያቃጥላል። ከሰዓታት በኋላ እጁ ያብጣል፣ ይጠቁራል። ይህ በቶሎ ተከፍቶ መታጠብ ያለበት የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ጣቱን፣ አልፎም እጁን የማጣቱ ዕድል ይበዛል። ስለዚህ ጊዜ አታባክኑ። ቀለበት ካለ አውልቁ፣ እጁን ከፍ አድርጉ፣ ቀዳዳውን አትጭመቁ፣ አትሹት። ምን ዓይነት ፈሳሽ፣ በስንት ባር፣ በስንት ሰዓት እንደገባ በወረቀት ጽፋችሁ ወዲያውኑ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ውሰዱት፤ «ትንሽ ቀዳዳ ናት፣ ክኒን ውሰድ» ቢሏችሁ አትመለሱ፤ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲላክ ለምኑ። የጤና ባለሙያዎችም ይህን ቁስል በመጠኑ አትገምቱት። የልጁን እጅ ለማዳን አንድ ቀን ሥራ ማቆም ያቃተው ጋራዥ ቢዘጋ ይሻላል።

የእግዚአብሔርን ሕግ ያልፈራ የመንግሥትን ሕግ ይስማ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ በማያደርስ አካባቢ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ፣ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብ ያስገድደዋል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ በሙያው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ቅጣቱ ይጠናበታል። በሽማግሌ ታርቃችሁ፣ ለእናቱ ጥቂት ብር ሰጥታችሁ፣ ፋይሉ ተዘጋ አትበሉ። እርቁ መልካም ነው፤ ክሪኩ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ካለ እርቁ ሐሰት ነው።

የምትቆጣጠሩ ሹማምንት ሆይ፥ ፈቃድ የምታድሱት ግድግዳው ቀለም መቀባቱን አይታችሁ ነው ወይስ የክሪኩን ሥር አይታችሁ? የቴክኒክና ሙያ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ቁልፍ ከመያዙ በፊት ግፊት ማስተንፈስን ይማር። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ለሙያ ስትሰጡ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ፤ ከምን ሥር እንደሚገባ ጠይቁ። አንተም ልጄ፥ «ፈሪ» እንዳይሉህ ብለህ ባልተደገፈ መኪና ሥር አትግባ። አለቃህን ማክበር እስከ ሞት መታዘዝ አይደለም። «ደግፉልኝና እገባለሁ» በል፤ ይህን በማለትህ ያባረረህ ሰው እንጀራህን ሳይሆን መቃብርህን ነው የነሳህ።

መመለስ አይቻልም አትበሉ። ይህ አገር ተመልሶ ያውቃል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. የዋልያውና የቀበሮው ቁጥር ስለ ተመናመነ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ብዙ ተደክሞ፣ ብዙ ተከፍሎበት፣ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለዋልያ ጠባቂ ቆሞለታል፤ መልካም ነው፣ ይገባዋል። ከሳንቃ በር ግርጌ በክሪክ ሥር ለሚተኛው በእግዚአብሔር አምሳል ለተፈጠረው ልጅ ግን ጠባቂው ማን ነው? እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ በቀር ማንም የለውም።

አባቶቻችን ንስሐን በጸጸት፣ በኑዛዜና በቀኖና ያስተምሩናል፤ የእኛም በዚሁ ሥርዓት ይሁን። ጸጸቱ፣ በእኛ እጅ የተጎዳውን ሰው በስሙ ማሰብ፣ «ቀኑ ነው» የሚለውን ቃልም ከአፋችን ማውጣት ነው። ኑዛዜው፣ ለካህኑ የሚነገረውን ለካህኑ ነግሮ፣ በጋራዡ የተሠራውን ደግሞ በሠራተኞቹ ፊት መናገር ነው፦ ይህ ክሪክ ይለቃል፣ ይህ ጌጅ ይዋሻል፣ ትናንት ይህ ሳጥን ለጥቂት ስቶናል ብሎ ሳይደብቁ። ቀኖናው ዋጋ የሚያስከፍል ሥራ ነው፦ የሚለቀውን ክሪክ ሸጦ ለሌላ ሰው ሞት ማድረግ ሳይሆን በመዶሻ ሰብሮ መጣል፤ የብረት እግርና ታኮ፣ መነጽርና ትክክለኛ ጌጅ መግዛት፤ ያረጀውን ቱቦና የፍሬን ዘይት መቀየር። ካሣም አለበት፦ ጣቱን ያጣውን ልጅ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ፣ የሚገባውን መክፈል፣ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ መስጠት። ከዚህ አንዱን አጉድሎ ሻማ ማብራትና ጥላ ማስገባት ደምን አይሸፍንም።

ነገ ጠዋት ጋራዣችሁን ስትከፍቱ፣ ማንም ሰው ከምንም ሥር ሳይገባ፣ ያላችሁን ክሪክ፣ ቱቦና ጌጅ ሁሉ መሬት ላይ ደርድራችሁ አንድ በአንድ መርምሩ፤ የማይታመነውን ዕለቱኑ ስበሩ። ይህን ያደረገ ንስሐው ጀመረ። አውቆ የተወ ግን ከዛሬ በኋላ የሚፈሰው ደም በእጁ ይፈለጋል።